ለእንግሊዝኛ ቃል የተጠራ ዋስ

ለክፍል ብላችሁ በጥንቃቄ ያዘጋጃችሁት ምሳሌ ከክፍል ወጥቶ፣ አጥር ዘሎ፣ ጎረቤት አጣልቶባችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። በዚያ ላይ በሬ አስከትሎ ነው የተመለሰው።

ይህን የምጽፈው አዲስ ለተመደባችሁ የቋንቋ መምህራን ነው። ነገር በቅደም ተከተሉ ሲነገር ስለሚገባ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን እጀምራለሁ።

የተመደብሁት ስማዳ ውስጥ ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ ወገዳ በእህል ጫኝ መኪና፣ ከወገዳ በኋላ በእግሬ ሄድሁ። ሻንጣዬን አህያ ተሸከመችልኝ። ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ በላይ ሜዳ ላይ የተሠራ ነው፤ አጥሩ ቅንጭብ ነው፤ በግቢው ጥግ ለመምህር ተብላ የተሠራች አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ቤት አለች። እዚያ እንደምኖር ተነገረኝ።

ርዕሰ መምህሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የደከመው የሚመስል ሰው ነበር። ቢሮ አስገባኝና ንብረት ያስረክበኝ ጀመር።

«ወንበሩ የትምህርት ቤቱ ነው» አለኝ። «ጠረጴዛው የወላጅ ኮሚቴው ነው። ጥቁር ሰሌዳው ከጎረቤት ትምህርት ቤት በውሰት የመጣ ነው፤ ከጠየቁን እንመልሳለን።»

«የእኔስ የትኛው ነው?» አልሁት።

ትንሽ አሰበና «ከጠመኔው የሚረግፈው አቧራ» አለኝ።

ቀልዱን ወደድሁት፤ ግን ቀልድ ብቻ ነው ብዬ አለፍሁት። ያን ጊዜ ዕድሜዬም ችኮላዬም የጀማሪ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁት ገና በዚያው ዓመት ነው።

ሥርዓት እወዳለሁ። ዕለታዊ የትምህርት ዕቅዴን ማታ አዘጋጃለሁ፤ ዓላማ፣ የመርጃ መሣሪያ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ግምገማ። ሁሉም በየሳጥኑ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሲፈርምልኝ «አንተ ልጅ፣ ለትንፋሽህም ሳጥን ሠርተህለታል» ይለኝ ነበር።

የሰባተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ያዝሁ። ትምህርቱ እየገፋ ሄደና በግንቦት ወር «ኦውን» የሚለው ቃል ላይ ደረስን። መጽሐፉ ቃሉን በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔ ግን ማለፍ አልሆነልኝም። የካርቶን ወረቀት አንጥፌ አራት ትርጉሙን በአራት ቀለም ጻፍሁ።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ «ኦውን» የአንድ ነገር ባለቤት መሆን ነው። ሁለተኛ፣ «ማይ ኦውን» ሲሆን «የራሴ፣ የሌላ ያልሆነ» ብሎ ማጥበቅ ነው። ሦስተኛ፣ «ኦን ማይ ኦውን» ሲባል «ብቻዬን፣ ያለ ረዳት» ማለት ነው። አራተኛው የሚያስገርም ነው፤ አንድ ሰው ያደረገውን ነገር «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ማመን ነው። ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ አየውና «አንድ ቃል አራት ሥራ ከያዘ እኛ ሥራ አጥ መሆናችን ነው» አለ።

ክፍል ገብቼ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኋቸው። አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ማይ ፋዘር ኦውንስ ላንድ» አለ። ገና ጎበዝ ሳልለው ከኋላ ሌላው እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ተሳስቷል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አባቱ ባለይዞታ ነው። በሥነ ዜጋ ተምረናል።»

«የአንተስ አባት?» አለው የመጀመሪያው ተቆጥቶ።

«የእኔ አባትማ ይዞታውም የለው፤ እኩል አራሽ ነው። የሰው መሬት አርሶ ምርቱን ይካፈላል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደስ አለኝ። ተማሪዎቹ ቃሉን ወደ ኑሯቸው አስጠጉት ማለት ነው ብዬ በግምገማው ሳጥን ውስጥ «ዓላማው ተሳክቷል» ብዬ ጻፍሁ።

የወላጆች በዓል ደረሰ። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ወላጆች ይጠራሉ፤ ተማሪዎች ይዘምራሉ፣ ይሮጣሉ፣ የተማሩትን ያሳያሉ። ርዕሰ መምህሩ «የእንግሊዝኛውን ነገር አንተ ያዝ፤ አጭር ይሁን» አለኝ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተነሥተው በ«ኦውን» ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ፣ እኔ ደግሞ ወላጆች እንዳይሰለቹ እያንዳንዱን በአማርኛ እንድተረጉም አቀድሁ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያምር ነበር።

በዕለቱ ሜዳው ሞላ። ወንዶቹ በአንድ ወገን በትራቸውን ተደግፈው፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት፣ ከትምህርት ቤቱ በመጣ ወንበር ላይ፣ መሪጌታ ኅሩይ ተሰይመዋል። መሪጌታ ድጓቸውን ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደው ያስመሰከሩ፣ የደብሩ መምህር፣ በአካባቢው ሰው ሲጣላ አስታራቂ ናቸው። ከአጠገባቸው የአገር ሽማግሎች ነበሩ። እኔ ያየሁት የተከበሩ እንግዶችን ነው። እነሱ ግን መሪጌታና ሽማግሎች በአንድ ቦታ በሕዝብ ፊት ከተቀመጡ ያ ቦታ ሸንጎ እንደሆነ ያውቃሉ። ልዩነታችን ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ልጅ ብዕሩን ከፍ አድርጎ «አይ ኦውን ኤ ፔን» አለ። «የዚህ ብዕር ባለቤት እኔ ነኝ!» ብዬ ተረጎምሁ።

ከወንዶቹ ወገን አንድ ጎረምሳ ብድግ አለ። «በሕግ አምላክ! ብዕሩ የእኔ ነው። ለፈተና አውሼው ነው።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛዋ ልጅ የነጠላ ባለቤት ነኝ አለች፤ እናቷ ከተቀመጠችበት «ለበዓል ነው የሰጠሁሽ፣ ስትመለሺ ታወልቂያለሽ» አለቻት። አሁንም ሳቅን። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ግን በዕቅዱ መሠረት ገና አራት ልጆች ይቀሩኝ ነበር።

ቀጥላ በላይነሽ ተነሣች። ከክፍሉ ሁሉ አነባበቧ የሚያምር፣ ስትናገር የማትደናገጥ ልጅ ናት። ደረቷን ነፍታ «ማይ ፋዘር ኦውንስ አን ኦክስ። ሂዝ ኔም ኢዝ ወይኖ» አለች። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «አባቴ የአንድ በሬ ባለቤት ነው። ስሙም ወይኖ ይባላል!» አልሁ።

የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከሴቶቹ መካከል እማማ የሺ በበትራቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው።

«በሕግ አምላክ!» አሉ። «ቃሉ ይቁም!»

ተራ የሚጠብቁት ልጆች እንኳ እንደ ቆሙ ቀሩ።

«እማማ፣ ይህ እኮ የእንግሊዝኛ ልምምድ ነው» አልሁ ፈገግ ብዬ።

«በምንም ይሁን ልጄ። ካህኑ ባለበት፣ ሽማግሌው ባለበት፣ ወይኖ የደሴ ነው ተብሎ ተነገረ። ዝም ብዬ ቤቴ ብገባ ነገ ምን ይባላል? ‹ሰምታ ዝም ብላለች› ይባላል። እንግሊዝኛ አላውቅም ብዬ እንዳልከራከርማ አንተው ተርጉመህልኛል!»

የበላይነሽ አባት አያ ደሴ ከወንዶቹ ወገን ወደ ፊት መጡ። «እማማ፣ እኔ መቼ ብቻዬን የእኔ ነው አልሁ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ልጅ ናት ያለችው።»

«ልጅማ የምታቦካው ከቤት ያገኘችውን ዱቄት ነው!» አሉ እማማ የሺ።

እዚህ ላይ የበሬውን ታሪክ መናገር አለብኝ፤ እኔ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ቢሆንም። እማማ የሺ ከዓመታት በፊት አንዲት ጊደር ለአያ ደሴ በርቢ ሰጥተዋል። ርቢ ማለት አንዱ ከብቱን ይሰጣል፣ ሌላው ያረባል፣ የሚወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ጊደሯ ወይኖን ወለደች፤ ከዚያ ታማ ሞተች። ስለዚህ የሚካፈሉት አንድ ወይኖን ብቻ ሆነ። በሬ ደግሞ እንደ ዳቦ አይቆረስም። አያ ደሴ ቀለቡት፣ አሳደጉት፣ ለእርሻ ገሩት። ሌላ በሬ ስለሌላቸው ከጎረቤታቸው ከአያ ሞላ ጋር ተቀናጁ፤ የአያ ሞላ ቦራ እና ወይኖ አንድ ጥማድ ሆኑ። ጥማዱ ለሁለቱም በየተራ ያርሳል። አያ ደሴ ደግሞ የእማማ የሺን ማሳ ያርሱላቸዋል። ይህ ሁሉ ለዓመታት ያለ ጠብ ሲሄድ የኖረው ማንም ተነሥቶ «ወይኖ የማን ነው?» ብሎ ስላልጠየቀ ነው። የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ በመርጃ መሣሪያ ታግዤ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙ ጓደኞቼ «ባለቤት ነው ከምትል በሬ አለው ብትል ኖሮ» ይሉኛል። ለውጥ አልነበረውም። አለው ቢባልም፣ ይዟል ቢባልም፣ በሽማግሌ ፊት ተነግሮ ካልተቃወሙት ይጸናል።

«እንግዲህ ተነሥቷል» አሉ እማማ የሺ። «ተነሥቶ ከቀረ አይበርድም። ግማሹ የእኔ ነው፤ ይካፈል!»

ይካፈል ማለት ወገዳ ገበያ ወርዶ ይሸጥ ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ አያ ሞላ በትራቸውን ጣሉ። የገብሱ መሬት ሁለት ጊዜ ታርሷል፤ ዝናቡ ከጣለ የሚቀረው አንድ እርሻና ዘር ነው። ወይኖ ከተሸጠ ደሴ አያርሱም፣ ሞላም አያርሱም፣ የእማማ የሺም ማሳ ጦም ያድራል። ሦስት ቤት ከአንድ በሬ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ቃሉን የተናገረች ሕፃን ናት» አሉ። «ሕፃን አትከሰስም። ያስተማራት ማን ነው?»

ሕዝቡ እኔን አየ።

«የተረጎመስ?»

ሕዝቡ እንደገና እኔን አየ።

«ዋስ ጥራ» አሉኝ።

«ለምኑ ነው ዋስ የምጠራው መሪጌታ?»

«ለቃሉ ነዋ።»

«ቃሉ እኮ የእኔ አይደለም። የእንግሊዞች ነው።»

«እንግሊዞቹ እስኪመጡ ገብሱ አይጠብቀንም» አሉ መሪጌታ። «ቃሉን ወደዚህ አገር ያመጣኸው አንተ ነህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ቀርበህ ምን ማለት እንደሆነ ታስረዳለህ። ዋስ!»

ዙሪያዬን አየሁ። የማውቀው ሰው ርዕሰ መምህሩ ብቻ ነው። እሱም የጠፋ ጠመኔ እንደሚተካ ሰው ቀስ ብሎ እጁን አነሣ።

«ዋስ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሌላ ቃል አልነበረም? ‹ላይክ› ብትላቸው ምን ነበረበት? አባቴ በሬ ይወዳል ቢባል ማን ይጣላ ነበር?» አለኝ።

እስከ እሑድ ወይኖ የት ይደር የሚለው ቀጠለ። ደሴ ቤት እንዲያድር እማማ የሺ አልፈቀዱም፤ የሺ ቤት እንዲያድር ደሴ አልፈቀዱም፤ ሞላ የነገሩ ተካፋይ ናቸው ተባለ። መሪጌታ «ከዚህ ነገር ምንም የማይጠቀም ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ለሦስተኛ ጊዜ ሁሉም እኔን አየኝ። በዓሉ አልቆ ሰው ሲበተን እኔ ሜዳው ላይ የበሬ ገመድ ይዤ ቀረሁ። ባለአደራ ሆንሁ።

በሬ አስሬ አላውቅም። ወይኖን ከቤቴ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጠብታ ሥር አሰርሁት። ያን ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ ጥሩ፣ ረጅም፣ ገበሬ የሚመኘው ዝናብ። ሲነጋ መንደሩ ሁሉ ቀንበርና ሞፈሩን ተሸክሞ ሲወጣ ወይኖ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መስኮቴን ያይ ነበር።

ማለዳ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የቤቴን በር አንኳኩ።

«መምህር፣ በሬዎ የእርሻ ክበቡን ጎመን ፈጀው።»

«የእኔ በሬ አይደለም» አልኋቸው።

«ጎመን ሲበላ ባለቤት የለውም እንዴ?»

ይህ በካርቶኑ ላይ ያልጻፍሁት ትርጉም ነበር። ሲያርስ የእነሱ ነው፣ ሲያጠፋ የእኔ ነው። ጎመኑን በእጄ እንደገና ተከልሁ።

ከዘበኛው በኋላ አያ ሞላ መጡ። ደጃፌ ላይ ተቀመጡ።

«መምህር» አሉ፣ «ቦራ እኮ ብቻውን አያርስም።»

ሦስተኛው ትርጉም፣ «ኦን ሂዝ ኦውን» የሚለው፣ በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣ። የአደራ በሬ ለአንዱ ወገን ሰጠ እንዳልባል ፈራሁ፤ ዝናቡም ያልፋል ብዬ ፈራሁ።

ክፍል ስገባ ከልጆቹ አንዱ ሳልጠይቀው እጁን አወጣ። «አወር ቲቸር ኦውንስ አን ኦክስ!»

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህሁ።

ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ሳቀ። እኔ ግን የጮህሁት ከልቤ ነው። ዝም ብል ምን እንደሚከተል ገብቶኛል። በላይነሽ ብቻ አልሳቀችም። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ደብተሯን ሳትከፍት ነበር። ከክፍል ስንወጣ ተከተለችኝ።

«መምህር፣ አባቴ ከእንግዲህ እንግሊዝኛ ቤት ውስጥ እንዳትናገሪ አለኝ።»

«ለምን?»

«ቤታችን ገና ሁለት ፍየሎች አሉ አለ።»

እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ፤ ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ። ያቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጇን ስታወጣ ነው የማውቃት።

ቅዳሜ ማለዳ እማማ የሺ መጡ። ወይኖን ሊያዩ ነው እንጂ እኔን ሊያነጋግሩ አልነበረም። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ጨው ፈትተው በመዳፋቸው አላሱት። ከዚያ እግሩን አዩ።

«አንተ ልጅ! በሬ እንዲህ ይታሰራል? ሰኮናው ጭቃ ውስጥ ሲበሰብስ አታይም?»

በዚህ መካከል አያ ደሴ ጭድ ተሸክመው ደረሱ። ከእማማ የሺ ጋር ሲተያዩ ሁለቱም ደነገጡ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ገመዱንም አየሁት» አሉ አያ ደሴ። «ከቀንዱ ሥር ማጥበቅ ምን የሚሉት አስተሳሰር ነው? ቆዳው ሊላጥ ነው።»

«ውኃስ አጠጥተኸዋል?» አሉ እማማ የሺ።

«በባልዲ...» አልሁ።

«በባልዲ!» አሉ ሁለቱ በአንድ ድምፅ። አያ ሞላም ነገሩን ሰምተው መጥተው ነበር፤ «በባልዲ!» ብለው ተቀበሉ። ወይኖ ወንዝ ወርዶ ካልሆነ የማይጠጣ ኩሩ በሬ መሆኑን ሦስቱ እየተቀባበሉ አስረዱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ በአንድነት የተሰደብሁበት ቀን የለም። ገመዱን ደሴ ፈቱ፣ እማማ የሺ ሰኮናውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ሞላ ደረቅ ቦታ ላይ ችካል ተከሉ።

ስድቡ ሲያልቅ ዕድሉን ተጠቀምሁ። መጠየቅ ሥራዬ ነው።

«እማማ፣ እውነት እንዲሸጥ ይፈልጋሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሞኝ ነኝ? ቢሸጥ ማሳዬን ማን ያርስልኛል? ግማሽ በሬ ገበያ ላይ ምን ይገዛል?»

«ታዲያ ለምን ይካፈል አሉ?»

«እንዲነገር ነው። እኔና ደሴ እናውቃለን፤ እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እኔ ነገ ብሞት የእህቴ ልጅ መጥቶ የማንን ምስክር ይጠራል? ደሴም ቢሞት ልጆቹ የሚያውቁት ያቺ ልጅ ያለችውን ነው። የአባቴ ነው ብላ አምና ነው እኮ የተናገረችው። አየኋት።»

አያ ደሴ መሬት መሬት አዩ። «እውነት ነው፤ ለልጆቹ ነግሬያቸው አላውቅም» አሉ። «የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።»

«እንግዲያው ነገ በዚያው ሰው ፊት በትክክሉ ይነገር» አልሁ።

«በእንግሊዝኛው?» አሉ እማማ የሺ።

«በአማርኛ አይበቃም?»

«በእንግሊዝኛ የተወሰደብኝ በእንግሊዝኛ ይመለስልኝ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተሠራው ሥራ በማሠልጠኛ ተቋሙ ያልተማርሁት ነው። ሦስቱም በበሬው አጠገብ ተቀምጠው ዓረፍተ ነገር አስጻፉኝ። እማማ የሺ ስማቸው ከፊት ይሁን አሉ፤ ጊደሯ የእርሳቸው ነበረችና። አያ ደሴ ማሳደጌ ይነገርልኝ አሉ። አያ ሞላ «ወይኖ የእኔ አይደለም፤ ግን እኔ የለሁበትም ከተባለ ጥማዱ ምን ሊባል ነው?» አሉ። ለእያንዳንዱ የተለየ ግሥ ፈለግሁለት። ርዕሰ መምህሩ መጣና ዋስ እንደመሆኑ ረቂቁን አነበበ።

«አጭር አድርገው» አለኝ። «ቃል በበዛ ቁጥር ዋስትናዬ ይበዛል።»

በላይነሽን አስጠርተን አስጠናኋት። አባቷ ራሳቸው «ተናገሪ» ሲሏት ፊቷ በራ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያው ሰው፣ ያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ከበዓሉ ቀን ይልቅ ብዙ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛ ሲፈረድበት ለማየት ከሩቅ ቀበሌ የመጣም ነበር። መጀመሪያ መሪጌታ ቃሉን እንዳስረዳ አዘዙኝ። ካርቶኔን ዘርግቼ አራቱን ትርጉሞች አንድ በአንድ አስረዳሁ። አራተኛው ላይ፣ ያደረጉትን ማመን የሚለው ላይ፣ ስደርስ መሪጌታ አቋረጡኝ።

«ይኸኛው ደኅና ነው» አሉ። «ይህንን በመጀመሪያ ብታስተምር ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ቤታችን ነበርን።»

ከዚያ በላይነሽ ተነሣች። እንደ ልማዷ ደረቷን ነፋች።

«እማማ የሺ ኤንድ ማይ ፋዘር ኦውን ወይኖ። ማይ ፋዘር ኪፕስ ሂም። አያ ሞላ ፕላውስ ዊዝ ሂም።»

እኔ ተረጎምሁ፤ በዚህ ጊዜ ሳልቸኩል። «እማማ የሺና አባቴ የወይኖ ባለቤቶች ናቸው፤ እኩል። አባቴ ያኖረዋል። አያ ሞላ ከቦራ ጋር አቀናጅተው ያርሱበታል።»

«የሚቃወም አለ?» አሉ መሪጌታ።

እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። የሚያስል ሰው አልነበረም፤ እንደ ቃል እንዳይቆጠርበት ፈርቶ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ ሊያስነጥሰው ሲል አፍንጫውን በሁለት ጣቱ አንቆ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቆመ። አንዲት እናት የሚያለቅስ ሕፃኗን ጡት አጎረሰች። እማማ የሺ በበትራቸው ተደግፈው ሰውን ከዳር እስከ ዳር፣ ፊት በፊት፣ አዩት። የእያንዳንዱን ዝምታ የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር።

«ጸና» አሉ መሪጌታ።

ርዕሰ መምህሩ አስነጠሰ። ሁሉም «ይማርህ» አለው።

በማግስቱ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ወይኖና ቦራ ተጠመዱ። መጀመሪያ የታረሰው የእማማ የሺ ማሳ ነው። ከክፍሌ መስኮት ይታይ ስለነበር ትምህርቱን ለጥቂት ጊዜ አቁሜ ልጆቹ እንዲያዩ ፈቀድሁ። ዕቅዱ ላይ አልነበረም። ዝናቡ አላለፈም፤ ገብሱም በጊዜው ተዘራ።

ከዚያ ወዲህ እስቴም፣ ጋይንትም አስተምሬያለሁ። መካነ ኢየሱስ ሳለሁ ያንኑ ቃል ለከተማ ልጆች ሳስተምር በበሬ ፋንታ ስለ ሞባይል ተጣሉ፤ ሲሙ የአንዱ፣ ቀፎው የሌላው፣ ቻርጅ የሚደረግበት ቤት የሦስተኛው ነበር። አሁን ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

የተማርሁት ይህ ነው። የባለቤትነት ቃል ከማስተማር በፊት፣ ዕቃው በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። መዝገበ ቃላቱ ያንን አይነግራችሁም፤ ልጆቹ ይነግሯችኋል።

እስቲ ነገ ክፍላችሁ ውስጥ ሞክሩት። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ እንስሳ ወይም አንድ ዕቃ ይምረጥ። ማን ይመግበዋል ወይም ያስቀምጠዋል? ማን ይሠራበታል? ሲሸጥ ማን ይጠየቃል? ሲያጠፋ ማን ይከሰሳል? አራቱንም ስም አስጽፏቸው። አራቱም አንድ ሰው ከሆኑ «ኦውን» ብላችሁ እለፉ። ካልሆኑ ግን ርዕሰ መምህሩን ሌላ ክፍለ ጊዜ ጠይቁ፤ ያስፈልጋችኋል።